ሁለት የዕይታ መስክ ውጤቶች፦ የሚያጠራጥረው «ጤነኛ» የተባለው ነው

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 56 ነው፤ መምህርት ነኝ። ከስምንት ወር በፊት ለመነጽር ብዬ ስመረመር የዓይኔ ግፊት በቀኝ 26፣ በግራ 24 ሆኖ ተገኘ። የቀኙ ዓይን ነርቭ መቦርቦሩ ተነግሮኝ ማታ ማታ የማደርገው ጠብታ ታዘዘልኝ፤ ግፊቱም ወደ 18 ወረደ። በዚያው ሰሞን አገጬን አስደግፌ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፍ የምጫንበትን ምርመራ አደረግሁ። የቀኝ ዓይኔ ‹ከጤነኛ ወሰን ውጪ› ተባለ፤ ኤም.ዲ. የሚባለው −5.8 ነው፤ የትኩረት መሳት 6/14 ይላል። ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ክሊኒክ አስደገምሁት። ይኼኛው +2.6 ሆነ፤ ሥዕሉም ነጭ በነጭ ነው። የሐሰት አዎንታዊ መልስ 27 በመቶ ይላል። ደግሞ በአንደኛው ወረቀት ዕድሜዬ 56፣ በሁለተኛው 63 ተብሎ ተጽፏል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ብርሃን አምልጦኛል፤ በሁለተኛው ግን ተግቼ ነበር። ዘመዶቼ የመጀመሪያው መሣሪያ ብልሽት ነው ይላሉ። የትኛውን ልመን? ጠብታውንስ ባቆም ምን ይለኛል?»

ጠብታውን አያቁሙ። ሌላውን ለመረዳት ጊዜ አለ፤ ይህን ግን ዛሬውኑ ይወቁት። ግፊትዎ 18 የሆነው ጠብታው እየሠራ ስለሆነ እንጂ ሕመሙ ስለለቀቀዎ አይደለም። ሲያቆሙት ግፊቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። በእርስዎ የሚጠረጠረው ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳው ሕመም ነው፤ አብዛኛው ግላኮማ አያምም፤ የመሐሉን ዕይታም ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ድረስ አይነካም። ስለዚህ ግፊቱ መመለሱን የሚነግርዎ ምንም ምልክት አይኖርም።

ወደ ወረቀቶቹ ስንመጣ፣ ነገሩ ዘመዶችዎ ከገመቱት ተቃራኒ ነው። ከሁለቱ ጨርሶ የማልቀበለው ነጭ በነጭ ሆኖ የመጣውን ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው እንከን ቢኖርበትም የሚጣል አይደለም፤ ማረጋገጫ የሚፈልግ ጥርጣሬ ነው። የመሣሪያ ብልሽት ነው ለማለትም የሚያበቃ ነገር አላየሁም። የዚህ ምርመራ ውጤት ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጠው በአብዛኛው መልሱን የሚሰጠው ሰው ስለሆነ ነው።

ይህ የዕይታ መስክ ምርመራ ምን እንደሚለካ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በብዛት በሚሠራበት «24-2» በሚባለው ፕሮግራም መሣሪያው በ54 ቦታዎች ላይ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በስድስት ዲግሪ ርቆ፣ ለአንድ አምስተኛ ሰከንድ ብቻ ብልጭ የሚል ብርሃን ያሳያል። ካዩት በዚያው ቦታ ላይ ቆየት ብሎ ደብዘዝ ያለ ያመጣል፤ ካላዩት ያደምቀዋል። የሚፈልገው ከሁለት ጊዜ አንዱን ብቻ የሚያዩትን የብርሃን መጠን፣ ማለትም የማየትዎን ጠርዝ ነው። እንግዲህ ዓይኑ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው እንኳ ከሚበሩት ብርሃኖች ግማሽ ያህሉን አያይም፤ ምርመራው የተሠራው እንደዚያ እንዲሆን ነው። በመጀመሪያው ቀን ብዙ አመለጠኝ ብለው የተጨነቁት ያለምክንያት ነው። በሁለተኛው ቀን «ተግቼ ነበር» ያሉት ነገር ግን እኔን አሳስቦኛል።

ቁልፉን ብርሃን ሳይኖር የሚጫን ሰው «የሐሰት አዎንታዊ» መልስ ሰጠ ይባላል። አዲሶቹ መሣሪያዎች ይህን የሚገምቱት በመልሱ ሰዓት ነው፤ ብርሃን አይቶ ጣት ለማንቀሳቀስ የሚወስደው ጊዜ ስለሚታወቅ፣ ከዚያ በፊት የደረሰ መልስ ብርሃኑን አይቶ የተሰጠ ሊሆን አይችልም። የሚፈቀደው ጣሪያ በተለምዶ 15 በመቶ ነው። እርስዎ 27 ነዎት። መምህርት ስለሆኑ «እውነት ወይም ሐሰት» በሚል ፈተና ላይ ሁሉንም «እውነት» ብሎ የሞላ ተማሪ አይተው ያውቃሉ፤ የዚያ ተማሪ ማርክ ስለ ዕውቀቱ የሚነግርዎ ምን አለ? የ+2.6 ውጤትም እንደዚያው ነው። ኤም.ዲ. ማለት ዕይታዎ በእርስዎ ዕድሜ ካሉ ጤነኛ ሰዎች አማካይ በስንት ዴሲቤል (የማየት ብርታት መለኪያ) እንደሚለይ የሚናገር ቁጥር ነው። ዜሮ አማካዩ ነው፤ የመቀነስ ምልክት ያለው ከአማካዩ በታች፣ የመደመር ምልክት ያለው ከአማካዩ በላይ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው አንድ ወይም አንድ ተኩል ዴሲቤል ከአማካዩ ሊበልጥ ይችላል። ነርቩ ተቦርቡሯል የተባለ ዓይን +2.6 ሲያመጣ ግን ዓይኑ ተሻለው ብዬ አልደሰትም፤ ጣቱን ነው የምጠረጥረው። ወረቀቱን እንደገና ይመልከቱት፤ ውጤቱ በቃላት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ከተለመደው በላይ ከፍተኛ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ሊያገኙ ይችላሉ። ያ ሙገሳ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ «ይህን ሰው አላመንሁትም» ማለቱ ነው።

የዚህ ስሕተት ክፋቱ አቅጣጫው ነው። ድካም፣ እንቅልፍ፣ የተሳሳተ መነጽር ሁሉም ውጤቱን ከእውነተኛው የባሰ ያስመስሉታል፤ የሚያስከትሉትም ቢበዛ ጭንቀትና ተጨማሪ ምርመራ ነው። ከሚገባው በላይ መጫን ግን እውነተኛ ጉዳትን ይሸፍናል፤ ታካሚውም ሐኪሙም ተደስተው ይለያያሉ። ስለዚህ ከሦስቱ የታማኝነት መለኪያዎች (የሐሰት አዎንታዊ፣ የትኩረት መሳት፣ የሐሰት አሉታዊ) በአንዱ ላይ ብቻ ጠብቅ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

የትኩረት መሳቱ ጉዳይ ሌላ ነው። 6/14 ማለት 43 በመቶ ነው፤ የተለመደው ወሰን ደግሞ 20 በመቶ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ምልክት ተደርጎበት መጥቶ ይሆናል። ሆኖም ይህ ቁጥር ራሱ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። መሣሪያው ትኩረትዎን የሚፈትነው እያንዳንዱ ጤነኛ ዓይን ባለው ዕውር ነጥብ ነው፤ ይህም የዓይን ነርቭ ከዓይን የሚወጣበትና ብርሃን የማይቀበል ቦታ ሲሆን፣ ከመሐል ወደ ጆሮ በኩል 15 ዲግሪ ያህል ርቆ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። መሣሪያው አልፎ አልፎ በዚያ ላይ ብርሃን ያሳያል፤ «አየሁ» ካሉ ዓይንዎ ከመሐሉ ተነቃንቋል ብሎ ይመዘግባል። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ የነጥቡን ቦታ በትክክል ካልያዘ፣ ወይም በመሐሉ ጭንቅላትዎ ትንሽ ዘመም ካለ፣ ዓይንዎ ድንጋይ ሆኖ ቢቆም እንኳ ስሕተቱ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል። ቁልፍ የሚያበዛ ሰውም ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ ትኩረት የሳተ ይመስላል።

ይህን እርስዎ ራስዎ በከፊል ማጣራት ይችላሉ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለውን ባለጥላ ሥዕል ይመልከቱ። ለቀኝ ዓይን ከመሐሉ በስተቀኝ፣ ከአግድሙ መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ለብቻው የጠቆረ ቦታ ካለ ዕውር ነጥቡ በቦታው ተገኝቷል፤ ትኩረትዎም ወረቀቱ እንደሚለው የከፋ አልነበረም። ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ የተንዠረገገ መስመር ይኖራል፤ ወደ ላይ የቆመው ሰረዝ ዓይን መዛወሩን፣ ወደ ታች የወረደው ደግሞ መርገብገቡን ወይም መሣሪያው ዓይኑን መከታተል አለመቻሉን ያሳያል። እኔ ከ6/14 ይልቅ የማምነው ያንን መስመርና ምርመራውን ያካሄደው ባለሙያ በዓይኑ ያየውን ነው። «ታካሚዋ ደህና አድርጋ አተኩራለች» ብሎ አንድ መስመር የሚጽፍ ባለሙያ ያለበት ክሊኒክ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ።

ስለ ሦስተኛው መለኪያ ብዙ አልልም። «የሐሰት አሉታዊ» ማለት ቀድሞ ያዩትን የሚበልጥ ደማቅ ብርሃን በዚያው ቦታ መጥቶ አለመጫንዎ ነው። ድካምን ያሳያል ይባላል፤ ይሁን እንጂ በግላኮማ የተጎዳ ቦታ በራሱ አንዴ ስለሚያይ አንዴ ስለማያይ ቁጥሩ ከሕመሙ ጋር አብሮ ይጨምራል። ከፍ ስላለ ብቻ ውጤቱን መጣል የታመመን ሰው «በደንብ አልተመረመርህም» ብሎ መመለስ ይሆናል።

ታዲያ −5.8 ምን ያህል ይታመናል? ጠቅላላ ልምዱን ልንገርዎ። በአሜሪካ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነገር ግን የዕይታ መስካቸው ጤነኛ የነበረ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። በክትትሉ መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድለት ያሳዩትን፣ የታማኝነት መለኪያዎቹንም ያለፉትን ውጤቶች አስደግሞ ሲያያቸው፣ 86 በመቶ ያህሉ በሁለተኛው ምርመራ ላይ አልተገኙም። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ «ይታመናል» የተባሉ ወረቀቶች ነበሩ። አጥኚዎቹም ጉዳት መድረሱን ለመቀበል በተከታታይ ሦስት ምርመራዎች ላይ መታየት አለበት ወደሚል ደንብ አለፉ። ሐኪም አንድ ወረቀት ይዞ «ዕይታሽ ጠፍቷል» ሲል የምቆጣው ለዚህ ነው።

ግን ይህን ቁጥር ወስደው «እንግዲያው የእኔም 86 በመቶ ውሸት ነው» እንዳይሉ። በዚያ ጥናት የገቡት ሰዎች የዓይን ነርቫቸውም መስካቸውም ጤነኛ ሆኖ የጀመሩ ናቸው። የእርስዎ ነርቭ ተቦርቡሯል ተብሏል፤ ግፊትዎም ያለሕክምና 26 ነበር። መጀመሪያውኑ ጥርጣሬ ያለበት ዓይን ላይ የታየ ጉድለት እውነት የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። ያው ውጤት በአንዲት ምንም ችግር በሌለባት የ25 ዓመት ተማሪ ላይ ቢታይ እያሳሳቅሁ አስደግማታለሁ፤ በእርስዎ ላይ ግን አላስቅበትም።

ቀጣዩ ጥያቄ ጉድለቱ የት እንዳለ ነው፤ ይህን በጽሑፍዎ አልነገሩኝም፤ ከኤም.ዲ. የሚበልጠው መረጃ ግን እሱ ነው። ግላኮማ የሚጎዳው የነርቭ ጭረቶችን (ቀጫጭን ክሮችን) ስለሆነ የሚተወው ምልክት የጭረቶቹን መንገድ ይከተላል፤ ከአግድሙ መስመር በላይ ወይም በታች ብቻ ይቆማል፣ ከዕውር ነጥቡ ተነሥቶ እንደ ቅስት ወደ አፍንጫ በኩል ይዞራል፣ ወይም በአፍንጫ በኩል ደረጃ የመሰለ ጉድለት ይሠራል። ከላይ ጠርዝ ላይ ብቻ ተደርድሮ የጠቆረ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተንጠለጠለ የዓይን ቆብ ነው፤ ቆቡን በፕላስተር ወደ ላይ ይዞ ማስደገም ይበቃል። ዙሪያውን እንደ ቀለበት የጠቆረ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዓይን ፊት የሚቆመው ሌንስ ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ የሌንሱ ጠርዝ ብርሃኑን ሲጋርድ ነው። ከመሐሉ ዙሪያ በአራቱ ሩቦች ውስጥ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነጥተው ሌላው ከጠቆረ ሰውየው ጀምሮ ተወው ማለት ነው፤ መሣሪያው ሥራውን የሚጀምረው ከእነዚያ አራት ነጥቦች ነውና።

ከ54ቱ ነጥቦች ዕውር ነጥቡ አካባቢ ያሉት ሁለቱ ሲወጡ 52 ይቀራሉ። ወረቀቱ ላይ «ከመቶ አምስት» በሚል ደረጃ (ከመቶ ጤነኛ ሰዎች በአምስቱ ላይ ብቻ የሚታይ ዝቅታ) ምልክት የተደረገባቸው ነጥቦች ጤነኛ በሆነ ሰውም ላይ በአጋጣሚ ሁለት ሦስት ይገኛሉ፤ ስሌቱ ራሱ ያንን ይላል። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበተነ ምልክት ብዙ አያስደነግጥም። ቢያንስ ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ላይ ተሰብስበው፣ ከእነሱም አንዱ «ከመቶ አንድ» በሚለው ደረጃ ላይ ወድቆ፣ ያው ስብስብ በሚቀጥለው ምርመራ በዚያው ቦታ ሲደገም ግን ጉዳት ነው። የሚታየውም ከቀኝ በኩል ባለው፣ አጠቃላይ መደብዘዙን ቀንሶ ቅርጹን ብቻ በሚያሳየው ካርታ ላይ ነው። ባለጥላው ሥዕል ለዓይን ይማርካል እንጂ በ54 ነጥቦች መሐል ያለውን ባዶ ቦታ ኮምፒውተሩ በግምት ቀብቶ የሞላው ነው፤ በእሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መወሰን አይገባም።

ለመጀመሪያው ውጤት መድከም ሌሎች ተራ ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው አዲስ መሆንዎ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ምርመራ ላይ በተለይ ጠርዝ ጠርዙን ይስታል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይሻሻላል። ሁለተኛው መነጽር ነው። ብርሃኑ የሚታየው ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስለሆነ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ለርቀት በሚለብሰው መነጽር በደንብ ሊያየው አይችልም፤ ባለሙያው በዕድሜዎ የተሰላ የቅርብ ሌንስ መጨመር አለበት። በአንድ ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) መሳሳት ከአንድ ዴሲቤል በላይ ሊያሳጣ ይችላል። ሦስተኛው የዓይን ሞራ ነው፤ ጀማሪ ሞራ ሁሉንም ነጥብ በአንድነት ያደበዝዛል፤ ኤም.ዲ. ይወርዳል፣ ቅርጽ ግን አይሠራም። የብሌን መጥበብም እንደዚያው ነው። ምርመራው የተደረገው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከተደረገልዎ በኋላ ከሆነ ደግሞ ያንን ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ይከብዳል።

የዕድሜው ነገር ለአገራችን የተለየ ጣጣ ነው፤ ጥሩ አድርገው አይተውታል። የተወለዱበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነግረዋቸው በአንደኛው ክሊኒክ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለውጠው ሲያስገቡ፣ በሁለተኛው እንዳለ አስገብተውት ይሆናል። መሣሪያው የ56 ዓመት ሴትን የ63 ዓመት አድርጎ ሲቆጥር የሚጠብቅባት ያንሳል፤ ውጤቷም ከሚገባው የተሻለ ይመስላል። በሰባት ዓመት የሚመጣው ልዩነት ከአንድ ዴሲቤል ያነሰ ስለሆነ +2.6ን ያመጣው ይህ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም ስሕተቱን በዚያው በተሳሳተው አቅጣጫ ገፍቶታል። የሚብሰው ጉዳት ወደፊት የሚመጣው ነው። መሣሪያው የአንድን ታካሚ ውጤቶች አያይዞ የጉዳቱን ፍጥነት የሚያሰላው ስሙና የልደት ቀኑ ሲገጣጠሙለት ነው። አንዴ በኢትዮጵያ አንዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተመዘገቡ፣ ወይም ስምዎ በላቲን ፊደል በየጊዜው በተለያየ መንገድ ከተጻፈ፣ የአምስት ዓመት ምርመራ አድርገው እንኳ መሣሪያው ውስጥ አምስት የተለያዩ ሴቶች ሆነው ይገኛሉ። የልደት ቀንዎን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስምዎንም በፓስፖርት ወይም በመታወቂያ ላይ እንዳለው በአንድ ወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ ይበሉ።

አሁን ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ሁለተኛውን ወረቀት ከመዝገብዎ አያውጡት፤ ግን ለውሳኔ አይጠቀሙበት። በሁለተኛ ደረጃ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ውስጥ ምርመራውን ሁለት ጊዜ ይድገሙት፤ ሁለቱም በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ፕሮግራም። ሃምፍሬይ በተባለው መሣሪያ ላይ የተሠራን ውጤት ኦክቶፐስ በተባለው ላይ ከተሠራ ጋር ቁጥር ለቁጥር ማነጻጸር አይቻልም፤ በአንዱ መሣሪያ ውስጥም ፈጣኑና መደበኛው ዘዴ ፍጹም አንድ አይደሉም። ከቻሉ የመጀመሪያው ወደተሠራበት ይመለሱ። ሁለቱ በተመሳሳይ ቦታ የግላኮማ ቅርጽ ያለው ተመሳሳይ ጉድለት ካሳዩ ጉዳዩ አልቋል፤ ግላኮማ አለብዎት፤ እነዚያም ሁለቱ መነሻ ሆነው የወደፊቱ ሁሉ የሚለካው ከእነሱ ጋር ነው። ጤነኛ ሆነው ከመጡ፣ በእርግጥም ሳያበዙ ተጭነው ከሆነ፣ መልካም ዜና ነው፤ ጠብታው ግን ያኔም በራስዎ ውሳኔ አይቆምም። በዚህ ምርመራ ላይ ጉድለት የሚታየው ከነርቭ ሕዋሳት ምናልባትም ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉ ከሞቱ በኋላ ነው። ጤነኛ መስክ ጤነኛ ነርቭ ማለት አይደለም።

በዚህ ምክንያት የነርቩን ፎቶግራፍና ኦ.ሲ.ቲ. የሚባለውን ምርመራ አብረው እንዲያስነሡ እመክራለሁ። ኦ.ሲ.ቲ. የነርቭ ጭረቱን ንጣፍ ውፍረት ስለሚለካ ቁልፍ መጫን አይፈልግም፤ የእርስዎ ትጋትም ስንፍናም አይገባበትም። ዳኝነቱ የሚጠናው ሁለቱ ሲገጥሙ ነው፤ የነርቩ የታችኛው ጠርዝ ሳስቶ በመስኩ የላይኛው ክፍል ጉድለት ከታየ ጥርጣሬ የለም፤ የሬቲናው (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ንጣፍ) ታች የሚያየው የዓለሙን ላይ ነውና። ካልገጠሙ ግን ወይ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይ ሕመሙ ገና ጀማሪ ስለሆነ በመስኩ ላይ አልታየም፣ ወይ ሕመሙ ግላኮማ አይደለም። ኦ.ሲ.ቲ.ም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ሩቅ ማየት የሚያቅታቸውንና ከፍተኛ የመነጽር ቁጥር ያላቸውን ሰዎች ያለጥፋታቸው በቀይ ያቀልማል። ሕመሙ እጅግ ከገፋ ደግሞ ንጣፉ ከዚያ በታች ስለማይሳሳ ለውጥ መለካቱን ያቆማል፤ ያኔ የምንመለሰው ወደዚሁ ቁልፍ መጫኛ ነው። የገንዘብ አቅም አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ መጀመሪያ መስኩን ይድገሙ፤ ነርቩን ሐኪሙ በመብራትና በሌንስ ጥሩ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ስላለው ክትትል፣ ሲረጋገጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስድስት ምርመራ ማድረግ በብዙ የግላኮማ ሐኪሞች ዘንድ የሚመከር ነው። ብዙ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ጤነኛ ነጥብ እንኳ ከቀን ወደ ቀን በሁለት ሦስት ዴሲቤል ይወዛወዛል፤ የተጎዳ ነጥብ ደግሞ ዛሬ 5 ነገ 15 ሊነበብ ይችላል። በዚህ ሁሉ ውዝዋዜ መሐል በዓመት አንድ ዴሲቤል የሚሄድን ጉዳት በሁለት ወረቀት ማየት አይቻልም። በአቅም ምክንያት ስድስቱ ካልተቻለ በዓመት ሁለቴ ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ግን በፍጥነት የሚሄደውን ሕመም ሳናየው ያልፈናል። አንድ ምርመራ ካለፈው በሁለት ዴሲቤል ስለወረደ ኦፕሬሽን አይታሰብም፤ ስለወጣም ጠብታ አይቀነስም።

ለሚቀጥለው ምርመራ ሲሄዱ ደክሞዎት አይሂዱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ጠዋት ቀጠሮ ይያዙ። ግንባርዎ ከመደገፊያው ጋር እንዲገናኝ ወፍራም ሻሽ አይሰሩ። ወንበሩ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ አንገትዎ ከታጠፈ፣ ሳይጀመር ይናገሩ፤ አስቸጋሪ ታካሚ መባልን አይፍሩ። መሐል ያለውን መብራት ብቻ ይመልከቱ፤ ብልጭታውን ፈልገው አያሳድዱ። እንደ ልብዎ ያርገብግቡ፤ ሳያርገበግቡ የቆዩ ሰዎች ዓይናቸው ደርቆ ይደበዝዛል። ሲደክምዎ በብዙዎቹ ሃምፍሬይ መሣሪያዎች ላይ ቁልፉን ተጭነው ሲይዙት ምርመራው ይቆማል፤ ሲለቁት ይቀጥላል። ይህን ለታካሚ የሚነግረው ሰው ጥቂት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እርግጠኛ ሲሆኑ ብቻ ይጫኑ። የመሣሪያውን ድምፅ ወይም ምቱን ተከትሎ መጫን ይለምድብዎታል፤ ረጅም ጊዜ ምንም ሳያዩ ቢያልፍ ግድ የለም፤ የሚያልፉት ፈተና አይደለም።

ጥቂት ነገሮች ግን ድጋሚ ምርመራ አይጠብቁም። ጉድለቱ በሁለቱም ዓይን ላይ ሆኖ በአግድሙ ሳይሆን በቀጥታ ከላይ ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ ተቆርጦ ከቆመ ምክንያቱ ከዓይን በስተጀርባ፣ ከጭንቅላት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚታዘዘው ጠብታ ሳይሆን የጭንቅላት ምስል ነው። ዕይታ በድንገት እንደ መጋረጃ ከተጋረደ፣ ወይም ዓይኑ ቀልቶ፣ አሞ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት እየታየና እያስመለሰ ከመጣ ያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ሁለቱ ምርመራዎች ሲያልቁ አራቱንም ወረቀቶች፣ የነርቩን ፎቶግራፍና የግፊት መዝገብዎን ይዘው አንድ የግላኮማ ሐኪም ፊት ይቅረቡ፤ በየክሊኒኩ አንድ አንድ ወረቀት ማሳየት እስካሁን ወዳሉበት ግራ መጋባት ነው የሚመልስዎ። ግላኮማው ከተረጋገጠ ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ወንድሞችዎና እህቶችዎ በዚህ ዓመት ግፊታቸውንና የዓይን ነርቫቸውን ይታዩ፤ ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ ስለሚሄድ የእነሱ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። ለእነሱ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ይህ ቁልፍ መጫኛ አይደለም፤ ነርቩን ገልጦ የሚያይ ሐኪም ነው።